የሮማነወርቅ ቫን የቃል መዋጮ

ሚኒሶታ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚወራ ወሬ ሁሉ እግር የሚያወጣው ሮማነወርቅ ቫን ውስጥ ነው ይላሉ። ይሄ የቫኑን ስም ማጥፋት ነው። እዚያ ውስጥ ወሬ እግር አያወጣም፤ በቀጥታ ክንፍ ነው የሚያበቅለው። ቫኑ ጠዋት ከሚድዌይ ተነስቶ ብሉሚንግተን እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰው ያገባል፣ ይፈታል፣ አፕል ቫሊ ላይ ባለ ሁለት ጋራዥ ቤት ይገዛል፣ ቤቱንም ባንክ ይወስድበታል። ሰውየው ታዲያ ገና ከአልጋው አልወረደም።

ከሾፌሯ ከሮማነወርቅ ጎን፣ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ሲንቄ ናት። ማንም ሰጥቷት አይደለም። መጀመሪያ በተሳፈረችበት ቀን ገብታ ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ አለቀ። አዳማ ገበያ ሽንኩርት በጅምላ ስትሸጥ የኖረች ሴት ስለሆነች ቦታ መያዝ ታውቅበታለች። በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ በአማርኛ ትከራከራለች፣ በሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ካየች ደግሞ ያለ ቋንቋም ትከራከራለች። አሁን ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። አልጋ ስታነጥፍ አንሶላውን ከፍራሹ ሥር አጥብቃ ስለምትወትፈው እንግዳው ማታ ለመተኛት መጀመሪያ ከአንሶላው ጋር ትግል መግጠም አለበት።

እንግሊዝኛዋ ለሥራዋ ልክ ነበር። ፎጣን፣ ትራስን፣ ሳሙናን ታውቃለች። ከዚያ ውጭ ለሚመጣው ሁሉ አንድ መድኃኒት አላት፤ «ኖ ፕሮብሌም» ትላለች። እንግዳው ሻወሩ ያፈሳል ቢላት ኖ ፕሮብሌም፤ ሚስቴ ትታኝ ሄደች ቢላትም ኖ ፕሮብሌም። በዚህ መድኃኒት ብዙ ዓመት በሰላም ኖራለች። መድኃኒቱ የከዳት የዜግነት ፈተና የገባች ዕለት ነው። ፈታኟ ሴትዮ «ክሌይም ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሲንቄ ፈገግ ብላ «ኖ ፕሮብሌም» አለች። ፈታኟ ቃሉን አስረዝማ ደገመችው። ሲንቄም ፈገግታዋን አስረዝማ ደገመችው። እንዲህ ሲፈጋገጉ ቆይተው ሲንቄ ወደቀች።

የዚህን ውድቀት ክብደት ቫኑ በሙሉ ያውቃል። ሲንቄ በናይሮቢ በኩል አድርጋ ሚኒሶታ ስትገባ ልጇ ጊፍቲ አዳማ አክስቷ ዘንድ ቀርታ ነበር። እዚያው አደገች፣ እዚያው ቶኩማ የሚባል ባጃጅ ነጂ አገባች። ያገባች ልጅን ለማስመጣት ደግሞ ግሪን ካርድ አይበቃም፤ ዜጋ መሆን ግድ ነው። ለወደቀ ሰው አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጠዋል። እሱንም ከወደቀ እንደ አዲስ ማመልከት፣ እንደ አዲስም ወረፋ መጠበቅ ነው። ሲንቄ ይህን እያሰበች ባነጠፈችበት ሰሞን የሆቴሉ እንግዶች አንሶላው አላስገባ አለን ብለው ለሮማነወርቅ አቤቱታ አቀረቡ፤ ሮማነወርቅ የጽዳት ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ ናትና።

መጀመሪያ ሊረዳት የሞከረው የተማረው ወገን ነው። የሮማነወርቅ ልጅ ዮሐና ኮሌጅ ናት፤ እናቷ በአማርኛ ስትጠራት በእንግሊዝኛ አቤት የምትል፣ ግን ልበ ቀና ልጅ። አንድ ቅዳሜ ሲንቄን አስቀምጣ ፈተናው ላይ የሚመጡትን ቃላት ለጀማሪ በተዘጋጀ ቀላል ፍቺ ታስጠናት ጀመር። «ፐርሰኪዩት» ማለት አንድን ሰው በእምነቱ ምክንያት በጭካኔ ማንገላታት ነው አለቻት፤ ያለቻት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሲንቄ አንድ የማታውቀውን ቃል ይዛ ገብታ አራት የማታውቃቸውን ቃላት ይዛ ወጣች።

«እሾህን በእሾህ ይባላል» አለች ሰኞ ጠዋት ቫኑ ውስጥ፤ «ልጅሽ ግን አንዱን ሳትነቅል ሦስት ጨመረችብኝ።»

ቫኑ ያን ጊዜ በሪሁን ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። በሪሁን የሆቴሉን ቧንቧ፣ በርና መብራት የሚጠግን ሰው ነው፤ የእሱን ሰዓት የሚጠግንለት ግን እስካሁን አልተገኘም። ሮማነወርቅ ደወለችለት። ደረጃ ላይ ነኝ፣ እየወረድኩ ነው አለ፤ ከስልኩ ውስጥ የሻወሩ ውኃ ሲንዠቀዠቅ ይሰማል። ሮማነወርቅ ስልኩን ዘግታ ከፈተናው ቃላት አንዱን በብስጭት ተናገረችው፦ «ፎልስ ኢንፎርሜሽን።»

ሲንቄ ዞር አለች። «ምንድን ነው እሱ?»

«የሐሰት ቃል። አሁን እሱ ያለው።»

«በሪሁን ነዋ በቃ» አለች ሲንቄ።

ቃሉ ገባ፤ ገብቶም አልወጣም። በሪሁን ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ ሲሳፈር «ጉድ ሞርኒንግ፣ ፎልስ ኢንፎርሜሽን» ብላ ተቀበለችው።

ይህን ከኋላ ወንበር ሲታዘብ የነበረ ቂርቆስ የሚባል ሰው አለ። የሆቴሉን አንሶላና ፎጣ የሚያጥበው እሱ ነው፤ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል፣ እሱም ለዜግነት አመልክቶ ቀጠሮ ይጠብቅ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለለቅሶ እናዋጣለን፣ ለሠርግ እናዋጣለን» አለ፤ «ለሲንቄ ደግሞ ነውራችንን እናዋጣላት። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነውር ያምጣ፣ እሷ ቃል ታድርገው።»

መዋጮ የተባለ ነገር ላይ እጁን የሚሰበስብ ሐበሻ የለም፤ ተሰብስቦ ቢገኝ እንኳ ስሙ በየቤቱ ስለሚዞር ሳይወድ ይዘረጋዋል። የቃል መዋጮው በዚያው ቀን ተጀመረ። በሪሁን የሐሰት ቃሉን ቀድሞ ከፍሎ ነበር። በዚያ ላይ ግን በየካቲት ብርድ የመኪና መስኮት መከፈት አለበት ብሎ አጥብቆ ያምናል፤ አየር ካልገባ ሰው ይታመማል ባይ ነው። ሮማነወርቅ ደግሞ ይህን እምነቱን ታሳድዳለች፤ መስኮቱን ከፊት ትቆልፍበታለች፣ ሬዲዮኑን ትዘጋበታለች፣ ከተከራከረም የተሰበረው ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። «ፐርሰኪዩት» ማለት ይኸው ሆነ፤ ሲንቄ ከዮሐና ያልገባትን ከመስኮቱ ገባት። «ክሌይም» ማለት ደግሞ ሲንቄ ራሷ ናት፤ ፊት ወንበር የእኔ ነው ማለት። ይህንን ያዋጣችው ወዳ አይደለም፣ ሌሎቹ በድምፅ ብልጫ አስከፈሏት።

አንድ ቃል ብቻ ባለቤት አጣ፦ «ሃቢችዋል ድራንካርድ»፤ ዘወትር የሚሰክር ሰው። ፈተናው ላይ ይጠየቃል፣ ሆኖ የተገኘም ዜግነት ይከለከላል፤ ሰው ግን ከየት ይምጣ? ሮማነወርቅ እኔ ሾፌር ነኝ፣ እንዲህ ያለ ስም ላይ ቀልድ የለም አለች። በሪሁን እሑድ እሑድ ሁለት ቢራ ስለሚቀምስ ቃሉ ሲነሳ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እውነት የነካካው ነውር ለመዋጮ አይሆንም። ያን ጊዜ ቂርቆስ እጁን አወጣ። ቂርቆስ ጨጓራው ካመመው ወዲህ ጠላ ቀርቶ የጠላ ሽታ ያለበት ቤት አይገባም፤ ምሳው በሰው ፊት ዳቦና ወተት ነው። «እኔ ልያዘው» አለ፤ «ሰካራም ለመሆን ከእኔ የተሻለ ጊዜ ያለው የለም።»

ሹመት አድርጎ ያዘው። በማግስቱ ቫኑ ሲመጣ በረዶው ላይ እየተወላገደ ነበር የደረሰው፤ የቫኑን በር ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ያዘው። «ጋሽ ቂርቆስ ሳይሆን ሃቢችዋል ድራንካርድ በሉኝ» እያለ አላፊ አግዳሚውን ይቆጣል። ሲንቄ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቀበቶዋን ፈታች። በሳምንቱ ያ ድፍን ቃል ምላሷ ላይ እንደ ጨው ሟሟ። ቂርቆስም የራሱን ፈተና በዚያው ያጠና ነበር።

ዕድል ሲቀልድ፣ የሁለቱም ቀጠሮ አንድ ጠዋት ላይ ዋለ፤ መጀመሪያ ሲንቄ፣ ለጥቆ ቂርቆስ። ሮማነወርቅ ፈረቃዋን ቀይራ ሁለቱንም ይዛ ሄደች። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሲንቄ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ሄዳ መግቢያው ላይ ቀየረች። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቂርቆስ ክራቫት አስሮ፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ ሰክሮ እንደማያውቅ ሰው ጸጥ ብሎ ተቀመጠ።

የዚህኛው ቀን ፈታኝ ረጅም ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ሳቅ ከፊቱ ላይ እንደ ሆቴል እንግዳ ድሮ ቼክአውት አድርጎ የሄደ ዓይነት። ሲንቄን ስሟን ጠርቶ ቢሮው አስገባትና ቀኝ እጇን አስነሳት። እውነት ልትናገር ማለች። ከዚያ አስነበባት፣ አነበበች። አስጻፋት፣ ጻፈች። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን እንደ ሽንኩርት ዋጋ ታውቀው ስለነበር ሰውየው ጠይቆ ሳይጨርስ መለሰችለት። አሁን የቀረው ያ የጣላት ነገር ነው፤ ቃሉ።

ክሌይም ምንድን ነው አላት። ፊት ወንበር የእኔ ነው እላለሁ፣ ይሄ ክሌይም ነው አለችው። ሰውየው ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ጻፈ። ፐርሰኪዩትስ? በሪሁን የሚባል ሰው መስኮት ክፍት ይሁን ብሎ ያምናል፣ ሮማነወርቅ በእምነቱ ምክንያት ትቀጣዋለች አለች። ሰውየው አሁንም ጻፈ፤ የአፉ ጠርዝ ግን ትንሽ ነቃ አለ። ሲንቄ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ጊፍቲን ኤርፖርት ላይ ቆማ ስትቀበላት በዐይነ ኅሊናዋ እያየች ነው።

«ሃቢችዋል ድራንካርድ ማለትስ?»

«ቂርቆስ» አለች ሲንቄ በኩራት።

ብዕሩ ቆመ። «ቂርቆስ ማነው?»

«ጓደኛዬ። በየቀኑ ይጠጣል። ጠዋት እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው» ብላ ወንበሯ ላይ ሆና ተወላገደችለት።

ሰውየው አልሳቀም። የእሷን ፋይል በሁለት ጣቱ ብድግ አደረገና ከሥሩ ያለውን ፋይል ተመለከተ። ሲንቄም ተመለከተች። ፋይሉ ላይ ያለውን ስም ለማንበብ ዮሐና አላስፈለገቻትም፤ ይኸንኑ ስም ከቂርቆስ የሥራ ልብስ ደረት ላይ በየቀኑ ታየዋለች። ብዙ ሳምንት ሰውን ቃል ስታደርግ ከርማ አሁን ቃሉ ተመልሶ ሰው ሆነባት፤ ያውም ክራቫት አስሮ ውጭ የተቀመጠ ሰው።

ያ ረቢ አለች በሆዷ። ዝም ብትል መልሱ ልክ ነው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ነው፣ ካረፈ ታልፋለች፣ ጊፍቲ ትመጣለች። ግን ቂርቆስ ለሷ ብሎ በተሸከመው ነውር ይህ በር ሊዘጋበት ነው። ደግሞ እጇን አንስታ ምላለች። ሻወር ውስጥ ሆኖ ደረጃ ላይ ነኝ የሚለው በሪሁን ትዝ አላት፤ ከእሱ በምን ተለየሁ አለች። በሪሁን ቢያንስ እጁን አንስቶ አያውቅም። መናገር ደግሞ በመሐላ ሥር ዋሸሁ ማለት ነው። ከዚያም በላይ ቂርቆስን ካወጣችው ቃሉ ባዶ ቤት ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ፍቺ የላትም።

«ሰር» አለች። «አሁን የነገርኩህ እውነት አይደለም። ቂርቆስ አይጠጣም። ሆዱ በሽተኛ ነው። ቂርቆስ ወተት ነው የሚጠጣው።»

«ታዲያ ለምን ይጠጣል አልሺኝ?»

መዋጮን ፎጣ፣ ትራስና ሳሙና በሚሉ ቃላት ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ሞከረች። አራት ሰው በአንድ መኪና፣ ሁሉም ሰው ለሲንቄ አንድ መጥፎ ነገር ይሰጣል፣ ይህንን መጥፎ ማንም አልፈለገም፣ ቂርቆስ ጥሩ ሰው ነው፣ እሱ ወሰደው። ሰውየው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አዳመጣት። ከዚያ ደረቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለ፦ ቂርቆስ ካልሆነ ሃቢችዋል ድራንካርድ ማለት ምን ማለት ነው?

ሲንቄ ዙሪያዋን አየች። ፊት ወንበርም የለ፣ ቫንም የለ። እዚያ የሌለ ሰው ፈለገች፤ የገበያውን ጥግ፣ ድሮ ከሽንኩርት መደቧ አጠገብ እየወደቀ የሚነሳውን ሸማኔ። ስሙን ግን አልጠራችውም፤ እሱም አንድ ቀን ማመልከቻ ያስገባ ይሆናል።

«ዛሬ ይጠጣል» አለች ቀስ ብላ። «ነገ ይጠጣል። ሚስቱ በቃህ ትለዋለች። ከነገ ወዲያም ይጠጣል።» ትንፋሽ ወሰደችና አከለችበት። «ቂርቆስ አይደለም።»

ያ ቼክአውት አድርጎ የሄደ ሳቅ በዚህን ጊዜ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ፣ ከሰማቸው ፍቺዎች ሁሉ ይሄኛው ግልጽ ነው አላት፣ ፋይሉ ላይ ምልክት አደረገ። አልፈሻል።

ሲንቄ እልልታዋን ውጣ ተነሳች። እስከ በሩ ድረስ ደስታዋ ሙሉ ነበር። በሩ ሲከፈትና ሰውየው ከኋላዋ ሆኖ «ቂርቆስ» ብሎ ሲጣራ ግን አንድ ነገር ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እሷ ቃሉን ያጠናችው ቂርቆስ ብላ ነው። ቂርቆስስ ራሱ? ያ ሁሉ ሳምንት ሰክሮ ሲለማመድ ቃሉን ማን ብሎ ያጠናው ነበር?

ቂርቆስ ክራቫቱን እያስተካከለ መጣ። በበሩ ላይ ሲተላለፉ በአማርኛ «አንተ አይደለህም፣ ሰማህ፣ አንተ አይደለህም» አለችው።

«እንዴት አይደለሁም፣ ስሜን ጠሩ እኮ» አለና ገባ። በሩ ተዘጋ።

ሮማነወርቅ የሲንቄን ፊት አይታ መውደቋን እርግጠኛ ሆና ሶፍት አወጣች። ሲንቄ አልፌያለሁ ብላ አጠገቧ ዘጭ አለች፣ ከዚያ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻት። ሮማነወርቅ ሶፍቱን ለራሷ ተጠቀመችበት። በሕይወቷ ያላዛመተችው ወሬ ቢኖር ይህ ነው፤ ለማን ትንገረው፣ ገና መጨረሻው አልታወቀም። ሁለቱም በሩን እያዩ ተቀመጡ። ከውስጥ አንድ ጊዜ የሳቅ ድምፅ ተሰማ፤ የማን እንደሆነ ግን በበር አይለይም።

ቂርቆስ ሲወጣ ፊቱ የሐዘንተኛ ፊት ነበር።

«ወደቅህ?» አለች ሲንቄ።

«አለፍኩ።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ወተት ጠጪ ነው ብለሽ ተናገርሽብኝ?» አለ። «መንግሥት ፊት?»

የሆነውን ቫኑ ድረስ እየተራመደ በኩርፊያ ተረከው። ጥያቄው ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ «ሚ» ብሏል፤ እኔ ነኝ። ፈታኙ ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ያበቃለት ነበር። ሰውየው ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀና፣ እኔ ዘንድ ያለው የመሐላ ቃል ወተት ጠጪ ነህ ይላል አለው። የቱን ልመን ሲለው ቂርቆስ ወተቱን ከማመን ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ከዚያ ስለ ስካር ሲጠይቀው ቃሉን በትክክል ፈታለት። ሲንቄ ባትናገር ኖሮ አሁን ምን ይውጠው እንደነበር ያውቃል። ያስቆጣውም እሱ ነው፤ አመስግኖ እንዳይገላገል ስሙን ወስዳበታለች።

«ያን ሁሉ በረዶ ላይ የተንከባለልኩበት ስም» አለ፤ «በአንድ ብርጭቆ ወተት ሸጥሽው።»

«ለልጄ ብለህ አይደል የተንከባለልከው?» አለችው ሲንቄ። «ልጄን ይዤልህ ወጣሁ፣ አንተንም ይዤ ወጣሁ፤ ሁለት አወጣሁ፣ አንድ ወተት ምን አላት?»

ቂርቆስ የቫኑን በር ያዘ፤ ሳይስት፣ በመጀመሪያው።

ይህን ጊዜ ሮማነወርቅ ሞተሩን አስነስታ ለበሪሁን ደውላ ነግራው ነበር፤ እሱም ደስታውን እየወረድኩ ነው በሚል ድምፅ ገልጿል። ሲንቄ ፊት ወንበር ላይ ሆና፣ የስልኩን ድምፅ ለሁሉ እንዲሰማ አድርጋ አዳማ ደወለች። እዚያ መሽቷል። ጊፍቲ ስልኩን አነሳች፣ እናቷ በኦሮምኛ አለፍኩ ስትላት ጮኸች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ቀጥሎ መቼ ነው የምንመጣው አለች። ሲንቄ ገና ማመልከቻ አለ፣ ወረፋ አለ፣ እኔም ሌላ የዜግነት መሐላ አለብኝ፣ ቀኑ በፖስታ ይመጣል አለቻት። በመሃል ከጊፍቲ ጀርባ የወንድ ድምፅ ገባ፤ ባሏ ቶኩማ እየዘፈነ ነው። ዘፈኑ አንዱን ስንኝ ሳይጨርስ ወደ ሌላው እየተወላገደ ይሄዳል፣ በመጨረሻ የሆነ ነገር ተገልብጦ ወደቀ።

ቫኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። ሮማነወርቅ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ቂርቆስ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ።

«ንገሪው ለባልየው» አለ፤ «የሰካራሙ ቦታ ክፍት ነው፤ ልምድ ያለው ይመረጣል።»

ሲንቄ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ እሱ ዞረች።

«አማቼ ጠብታ አይቀምስም» አለች። ቀጣዩ መሐላ ገና በፖስታ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ ድረስ ለፎልስ ኢንፎርሜሽን ጊዜ ነበራት።